በአባቴ ስም የወጡ ሥዕሎች

አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አባቴ በፓሪስ ከተማ አቻ የሌለው የፌዝ ሠዓሊ ነበር ብዬ አምን ነበር። ማመኑስ ባልከፋ፤ እኔ ግን ገና በሰባት ዓመቴ፣ ወላቃ ጥርሴን ይዤ፣ ባገኘሁት ደጃፍ ሁሉ እለፈልፈው ነበር።

ማስረጃም አላጣሁም። «ቁንጫ» የምትባለው ጋዜጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትወጣ አታሚው የሱቁ መስኮት ላይ ይለጥፋታል። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ የለም። ዳቦ አዳዩ ቅርጫቱን እንደተሸከመ፣ ልብስ አጣቢዎቹ እጃቸው አረፋ እንደያዘ፣ ተማሪዎቹ ፒፓቸውን እንደነከሱ ተጋፍተው ይቆሙና ይንከተከታሉ። አንድ ቅዳሜ የገንዘብ ሚኒስትሩ ዝይ ሆኖ ወጣ። ወንበሩ ላይ ተዘፍዝፎ አፉን ከፍቷል፤ ድሆች በሰልፍ እየመጡ ያለቻቸውን እህል ጉሮሮው ውስጥ ይጠቀጥቁለታል። አንዲት ሴትዮ ሳቋ አላስቆም ብሏት ሆዷን ይዛ መሬት ቁጭ አለች።

«እሱን የሳለው አባቴ ነው!» አልኩ።

«ዞር በይ ከፊቴ፣ አንቺ ኮሳሳ!» አለችኝ አንዷ ልብስ አጣቢ።

«እውነቴን ነው! ይኸው ስሙ!»

ቀሚሷን ጎትቼ የወረቀቱን ግርጌ በጣቴ አሳየኋት። «አ. ካዱ» ይላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ስም ነው። ከስሙ ቀጥሎ «ተጠያቂ ኃላፊ» የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ እነሱን ለማንበብ ገና ነበርኩ። የማዕረግ ስም መሰሉኝ፤ እንደ ጄኔራል ያለ ነገር። ሴትዮዋ አጎንብሳ አነበበችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ከቅርጫቷ አንድ ፖም አውጥታ ሰጠችኝ። «አይ አንቺ ልጅ፣ እግዜር ይሁንሽ» አለች። ለታላቅ ሠዓሊ ልጅ የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ፖሙን እየገመጥኩ፣ እየተንጎራደድኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። አባቴ አንሴልም ካዱ ድመት እንኳ ስሎ አያውቅም። ሥራው ድንጋይ መፈግፈግ ነበር። ያኔ የፌዝ ሥዕል የሚታተመው በድንጋይ ነው፤ ሠዓሊው ለስላሳ ድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ ይስላል፣ ታትሞ ሲያበቃ ድንጋዩ በአሸዋና በውሃ ተፈግፍጎ ለሌላ ሥዕል ይሰናዳል። አባቴ ዕድሜውን ሰው የሳለውን ሲያጠፋ ነው የኖረው። አንድ ቀን አንዱ ድንጋይ አመለጠና ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ወሰደበት። ያን ጊዜ የጋዜጣው ባለቤት ጠርቶ ሌላ ሥራ ሰጠው፤ መፈረም። ሕጉ ለየጋዜጣው አንድ ተጠያቂ ሰው ይፈልጋል። የሚስለው ሰው ስሙን አይጽፍም፤ ሚኒስትሩ ከተቆጣ ፍርድ ቤት የሚቆመው ፈራሚው ነው። በአጭሩ የአባቴ ሥራ ሌላው በሳለው መታሰር ነበር፤ እንዲህ ያለውን ፈራሚ ሰው «የገለባ ሰው» ይለዋል።

ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ወይን አምጪ ብላ ስትልከኝ መጠጥ ቤት ውስጥ አባቴን አገኘዋለሁ፤ «ሊቁ! ለሊቁ ቅዱለት!» እያሉ ይጮኻሉ። ልቤ በኩራት ያብጣል። አንድ ቀን ግን አንዱ ሰካራም፣ «እናንተ፣ ይሄ ገለባ መቼ ነው የሚነደው?» አለ። አባቴ ብርጭቆውን ጨልጦ፣ «ክረምት ሲመጣ ነዋ፤ ገለባ በበጋ ማን ያነዳል?» አላቸውና ሁሉም ሳቁ። ስለ ከብት መኖ የሚያወሩ መስሎኝ ወይኔን ይዤ ወጣሁ።

እሑድ እሑድ ቤታችን ኢዚዶር የሚባል ሰው ይመጣ ነበር፤ እናቴ በአክብሮት «ሙሴ ኢዚዶር» ትለዋለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ የጠቆረ ሰው ነው። ቋሊማ ይዞ ይመጣና ከኛ የጎመን ሾርባ ይበላል። አይወደኝም ማለት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልወደድኩት። ስንበላ የዳቦ ልብ እያድቦለቦለ አፍንጫ ይሠራል፣ አገጭ ይሠራል፤ ወዲያው አባቴ ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ ይመታዋል። እሱም ደንግጦ ዳቦውን ይውጠዋል።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

«ኧረ ዝም በይ! አፍሽን በሳሙና እንዳላጥበው!»

እንግዲህ የኔ ነገር የጀመረው ከፍሎር ጋር ነው። ፍሎር የበረኛዋ ልጅ ናት፣ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ ምላሷ ግን አርባ ዓመት። ስለ አባቴ ስደሰኩርላት ሰማችኝና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«አባትሽ ያን ያህል ሠዓሊ ከሆነ ለምን አንቺን አልሳለሽም?» አለች።

መልሴንም አልጠበቀች።

«እኔ ልንገርሽ? መልክሽን አይቶ ነዋ!»

ሮጬ ቤት ገባሁ። አባቴ መስኮቱ ሥር ጫማውን ይጠግናል።

«አባዬ፣ እኔን ሳለኝ።»

መዶሻው ቆመ። «አንቺን? አንቺማ አንዲት ደቂቃ መቼ አርፈሽ ትቆሚያለሽ? የሚኒስትር ደግነቱ ወንበር ላይ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም።»

«እቆማለሁ!»

ወንበር ላይ ወጣሁና እጄን አጣምሬ ቆምኩ። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። አፍንጫዬን በላኝ፣ አላከክሁትም። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። አባቴ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ትክ ብሎ አየኝ። እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ፣ «ነገ» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ነገ ነጋ፤ ደግሞ ሌላ ነገ ነጋ። በየሳምንቱ ለሚጠላቸው ሰዎች ጊዜ አለው፣ ለኔ ግን የለውም። በልጅ ልቤ እንዲህ ነበር የታየኝ።

የዝይዋ ሥዕል ጣጣ በመከር መጣ። አሥራ ሦስት ወር እስር ፈረዱበት። በጋዜጣ የተፈረደበት ሰው ቀን ይቆረጥለትና በራሱ እግር ሄዶ ይገባ ነበር፤ እንደ እንግዳ። የዚያን ጠዋት ሙሴ ኢዚዶር ቤታችን መጥቶ ፊቱን ባርኔጣው ውስጥ ቀብሮ ያለቅሳል። አባቴ ትከሻውን ይመታዋል።

«ተው እንጂ፣ ምን ሆነሃል? አንተ ከገባህ ማን ሊሠራ ነው? እኔ ብገባ ማን ልብ ይላል?»

«አንሴልም፣ ሄጄ ልናገር። እውነቴን ነው፣ አሁን ሄጄ...»

«ታብዳለህ? ሁለታችንንም ነው የሚከቱን። ይልቅ እነዚህን እያቸው» አለ፤ ወደ እናቴና ወደኔ እያመለከተ። «‘ቁንጫ’ ቅዳሜ እንዳትቀር።»

እኔ ደግሞ፣ ሰውዬው ሾርባው ቀረብኝ ብሎ ነው የሚነፋረቀው ብዬ ናቅኩት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሄደ። አላለቀስኩም። በችሎታው የታሰረ አባት ያለው ልጅ ምን ያስለቅሰዋል?

ሐሙስና እሑድ ልንጠይቀው እንሄዳለን። የፖለቲካ እስረኞቹ ያሉበት ክፍል መሃሉ ላይ ትልቅ ምድጃ አለ፤ ሚስቶች ድስት ይዘው ይመጣሉ፣ ልጆች ይራወጣሉ፣ ወንዶቹ ይዘፍናሉ። ጥሩ ቦታ መስሎኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው እርጥበት ሲያብረቀርቅ ብር ቅብ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሳል ጀምሮት ነበር፤ ሲስል ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ሲመለስ እየሳቀ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት በቁጣ ነድጄ ገባሁ።

«አባዬ! ስምህን ሰረቁህ!»

«ማን?»

«ጋዜጣው ላይ! ‘አ. ካዱ’ የሚለው ጠፍቶ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ሥዕሉ ግን ያንተው ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ! አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ትስላለህ፣ ሌባው ስሙን ይጽፍበታል!»

እስረኞቹ በሳቅ ፈነዱ። አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እናቴ ጀርባውን እስክትደግፈው ድረስ አጎነበሰ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጠባቂው በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ የሚንቀሳቀሰው ጆሮው ብቻ ነው።

«አዎ የኔ እናት፣ ሌባ በዛ» አለኝ።

«ከዚህ ሆነህ ለነሱ ከሳልክ ለኔም ሳልልኝ። ለአዲስ ዓመት ስጦታዬ። እኔን ሳለኝ።»

እናቴ፣ «ዜሊ!» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አባቴ ግን ለረጅም ጊዜ እጁን ሲያይ ቆየ።

«እሺ» አለ። «ለአዲስ ዓመት።»

ያንን «እሺ» ይዤ እስከ ጥር መባቻ ሞቄዋለሁ። ለፍሎር ነገርኳት፤ ለዳቦ ሻጯ ነገርኳት፤ ለቄሱም ሳይቀር ነገርኩ። ቀን ቆጠርኩ። በኔ ቤት ሥዕሉ ሲመጣ ጉንጬ እንደ እመቤታችን ምስል ቀልቶ፣ ጸጉሬ ተጠቅልሎ፣ ሰው መስኮት ሥር ተጋፍቶ ሲያየኝ ይታየኛል።

የአዲስ ዓመት ቀን ውርጭ ነበር። አባቴ ከስቷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ቀን ግን እንደ ሙሽራ ጺሙን ተላጭቶ ነበር። የተጠቀለለ ወረቀት በሲባጎ አስሮ ሰጠኝ። ጓደኞቹ ዘፈናቸውን አቁመው ዙሪያችንን ከበቡ። አንዳቸውም አልሳቁም፤ ያ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። ፈታሁት።

አንድ ድንች የሚያህል ጭንቅላት። አንዱ ዓይን ከፍ ብሏል፣ ሌላው ወደ ጆሮ ሸሽቷል። አፍንጫው አንድ ትልቅ ቆልማማ መስመር ነው። አፉ ላይ የወለቀው ጥርሴ እንደ ጉድጓድ ጠቁሯል። እጆቹ ሹካ ይመስላሉ። ወረቀቱ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል። ግርጌው ላይ እንደ ሁሉም ሥዕል «አ. ካዱ» ይላል። እንግዲህ ምን ያጠራጥራል? አባቴ የሚጠላውን ሰው ነው አስቀያሚ አድርጎ የሚስለው። ያን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሚኒስትሩን ዝይ አደረገው፣ ዳኛውን እንቁራሪት አደረገው፣ እኔን ደግሞ ይኸው።

«እኔ ሚኒስትር ነኝ?» አልኩት። «ምን አደረግኩህ? በኔ ላይ ነው የምታላግጠው?»

«ዜሊዬ...»

«ፍሎር እውነቷን ነው!»

አባቴ አፉን ከፈተ። ጠባቂውን አየው። ጠባቂው ከበሩ ሁለት እርምጃ ቀርቦ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ «ሁሉንም የሳልኩት እኔ ነኝ» ያለው ሰው ምን እንደሳለ ለማየት አንገቱን አስግጓል። አባቴ አፉን ዘጋ። ያን ዝምታ ለመረዳት ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። «ሥዕል አልችልም፣ የማውቀው ይህን ብቻ ነው» ቢል ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር፤ እኔም አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። ግን በማግስቱ ፖሊሶች ሙሴ ኢዚዶርን ፍለጋ በወጡ፣ እኛም ጦማችንን ባደርን።

«ቀልድ ነው የኔ እናት» አለ። «የአባትሽ ሥራ ቀልድ አይደል?»

ወረቀቱን ጨምድጄ ምድጃው ውስጥ ጣልኩት። አባቴ ሊያወጣው ሦስት ጣቱን ዘረጋ፣ ከዚያ መለሰው። ወረቀት ደግሞ እንዴት ቶሎ ይነዳል! እናቴ በጥፊ መታችኝ። እሱ ግን እጇን ያዘና፣ «ተያት፣ ልክ ናት። አፍንጫው አላማረም» አላት። ልስምሽ ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት። አፈር ልብላ፣ ፊቴን አዞርኩበት።

የቀረውን የነገረኝ ሙሴ ኢዚዶር ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የታተሙ ሥዕሎች ላይ ቀለም ከሚቀቡት ሴቶች ጋር እሠራ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላም ሾርባችንን ሲያበላን የኖረ እሱ ነው፤ እኔም መናቄን ትቼ ለምጄው ነበር። አርጅቶ፣ ዓይኑ ደክሞ ከጎኔ ቁጭ አለና፣

«ያ አባትሽ የሳለልሽ ሥዕል አለሽ?» አለኝ። «ሦስት ወር የፈጀበት።»

«ምን ሦስት ወር? በየሳምንቱ ይስል አልነበር?»

አየኝ። «እናትሽ አልነገረችሽም?» አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ፤ ፊርማውን፣ ድንጋዩን፣ ገለባውን። «እናንተ ስትወጡ እኔ እገባ ነበር። ዓይን እንዴት ነው የሚሳለው አሳየኝ ይለኛል። በሦስት ጣት እርሳስ መያዝ ቀላል ይመስልሻል? መጀመሪያ እኔ ልሳልልህና ያንተ ነው ብለህ ስጣት አልኩት። እምቢ አለ። ጨርሶ ሲያሳየኝ አፍንጫዋን ላርመው ብል እጄን መታኝ። ‘ኢዚዶር፣ ስሜን ላንተ ሥዕል ሰጥቼሃለሁ፤ ይቺን ግን እንዳትነካብኝ’ አለኝ። አስቀምጠሽዋል አይደል?»

«አለ» አልኩት። «እናቴ ሳጥን ውስጥ።»

ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን የቀባሁት ቀለም ሁሉ ከመስመር እየወጣ ወረቀቱ ተበላሸ። አለቃችን ሴትዮ ጮኸችብኝ፤ አልሰማኋትም።

አንድ ነገር ግን ለሙሴ ኢዚዶርም አልነገርኩትም። ከዚያ ከአዲስ ዓመት ቀን በኋላ ወደ እስር ቤቱ አልሄድም ብዬ ነበር። ሆዴን አመመኝ፣ ጫማዬ ጠበበኝ፣ ሰበብ አላጣሁም። በየካቲት አንድ እሑድ እናቴ ከዚያ ተመልሳ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባትሽ አሁንም ተቆጥታለች ወይ ይላል። ሌላ እየሳለልሽ ነው። ‘ንገሪያት፣ አሁን አፍንጫው እየመጣልኝ ነው’ አለ። እባክሽ ሐሙስ አብረን እንሂድ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«አልፈልግም በይው» አልኩ። «አይሳለኝ በይው።»

ሐሙስ እናቴ ብቻዋን ሄደች። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ሞተ። ሬሳውን ስናመጣ ጥቅሉን አብረው ሰጡን፤ ኮቱ፣ ማንኪያው፣ አንድ ጥንድ ካልሲ። ወረቀት አልነበረበትም።

ስንት ዓመት አንድ ጥያቄ አፌ ውስጥ ይዤ ኖርኩ። እናቴ ልትሞት አንድ ወር ሲቀራት፣ ልብስ እያጠፍን ሳለ፣ በድፍረት አወጣሁት።

«እማዬ፣ ያን እሑድ ያልኩሽን ሐሙስ ለአባዬ ነገርሽው?»

አንሶላውን አራት አጠፈችው፣ ዘርግታ ደግማ አጠፈችው።

«የቱን ሐሙስ?» አለች። «እኔ ምኑን አስታውሼው።»

እናቴ ምንም የማትረሳ ሴት ነበረች።